የተሸነፈ ሰው የት ይግባ?

አባዬ ከምርኮኞች ካምፕ ሲመለስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደርግ ከወደቀ ወራት አልፈዋል። ያ ሁሉ ሠራዊት በጥቂት ቀናት ተበትኖ፣ ገሚሱ ድንበር አቋርጦ፣ ገሚሱ በየካምፑ ታጉሮ ነበር። አባዬ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ መለዮ ለብሷል። ያን ዕለት ማታ ግን የለበሰው ከየት እንዳገኘው ያልነገረን ሰፊ ኮት ነበር፤ እግሩ ላይ ማሰሪያው የተበጠሰ በረባሶ። የግቢያችንን በር አላንኳኳም። አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ጎረቤታችን ናት ያየችው።

ጎረቤታችን በቀይ ሽብር የበኩር ልጇን ያጣች እናት ናት። ሬሳውን እንኳ አልሰጧትም። እጁን ይዛ ወደ ቤት አስገባችውና "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" አለችው። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ በእጇ ከደነችው። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያች ሴት ፊት እልል ማለት ከብዷት ነው።

ሁለተኛው ትዝታዬ የግንቦት 7 ቀን 1997 ሰልፍ ነው። ያን ቀን ድምፅ ለመስጠት የቆመ ሰው ሰልፉን አይረሳውም። ከንጋት በፊት ወጥተን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እንኳ ወደ በሩ አልተጠጋንም። ሰው ግን አላጉረመረመም። አዛውንቶች በርጩማ ይዘው መጥተዋል፣ እናቶች ለማያውቁት ሰው ውኃ ያቀብላሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት መንግሥትና ተቃዋሚ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲከራከሩ አይተናል፤ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቅ ነገር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የዚያን ቀን ደስታዬን እስከ ዛሬ በሌላ ነገር አላገኘሁትም።

አባዬ ከፊቴ ቆሟል። ዞር አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እነዚህ ሰዎች ቢሸነፉ የት ይገባሉ?" አለኝ።

"የትም ይግቡ! እኛ ምን ቸገረን?" አልኩት።

ምንም አልመለሰም። አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች ለቅንጅት ሰጠች። በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት ጥይት ተተኮሰ፤ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ውስጥ የነበሩ ዳኛ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ለዓለም ተናገሩ። የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ። በ2002 በተደረገው ምርጫ ከ547 ወንበር ለገዢው ግንባርና ለአጋሮቹ ያልሆነው 2 ብቻ ነበር፤ በ2007 ደግሞ ያም አልቀረም። የአባቴን ጥያቄ በየዓመቱ አስታውሰዋለሁ፤ የመለስኩለትንም መልስ እንዲሁ፣ በሐፍረት።

ለሥራ ጉዳይ ሊዝበን በሄድኩ ጊዜ ግማሽ ቀን ትርፍ ሰዓት አገኘሁና ካርሙ ወደሚባለው አደባባይ ወጣሁ። ትንሽ አደባባይ ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በመሬት መንቀጥቀጥ ጣሪያው የወደቀ ገዳም በአንድ ጎን ቆሟል፤ አጠገቡ የጠባቂ ጦር ሰፈር አለ። የጃካራንዳ ዛፎቹን ሳይ አዲስ አበባ ያለሁ መሰለኝ። መሬቱ ላይ ለአንድ ሻምበል መታሰቢያ የተቀመጠ ክብ ጽላት አለ። ሻምበሉ ሳልጌይሩ ማያ ይባላል፤ ሚያዝያ 17 ቀን 1966 የ29 ዓመት ወጣት ነበር።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እነሱ በፈረንጆቹ አፕሪል 25 ቀን 1974 ይሉታል። እኛ ደግሞ "የስድሳ ስድስቱ አብዮት" የምንለው ዓመት ውስጥ ነን። ሁለቱ አንድ ዓመት መሆናቸውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየኋቸው ግን በዚያ አደባባይ ቆሜ ነው።

አነሳሳቸው እጅግ ይመሳሰላል። የእኛው በጥር 1966 ከነገሌ ቦረና ጀመረ፤ ወታደሩ በምግብና በውኃ ተማርሮ አለቆቹን ያዘ፣ ሊያነጋግሩት ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራልም እሱ የሚበላውን አበላቸው። የፖርቱጋሉ ከወራት በፊት ከመኮንኖች የማዕረግ ቅሬታ ተነሳ፤ መንግሥት ለጊዜው የተመለመሉ መኮንኖች ቋሚዎቹን የሚቀድሙበት አዋጅ አውጥቶ ሻምበሎቹ ተቆጡ። ሁለቱም ጋ የሰለቸ ጦርነት ነበር፤ እኛ ጋ ኤርትራ፣ እነሱ ጋ አንጎላ፣ ጊኒ ቢሳውና ሞዛምቢክ። ሁለቱም ጋ ያረጀ ሥርዓት ነበር፤ የእነሱ አምባገነንነት 48 ዓመት ሞልቶታል። ሁለቱም ጋ ጄኔራሎቹ ሳይሆኑ ከሥር ያሉት ናቸው የተነሱት። ሁለቱም ጋ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ወታደሩን አቀፈ። ሊዝበን ላይ አንዲት የምግብ ቤት ሠራተኛ የያዘችውን ቀይ አበባ ለወታደር ሰጠች፣ ወታደሮቹ በጠመንጃ አፈሙዝ ሰኩት፣ አብዮቱም በአበባው ስም ተጠራ። የእኛም መፈክር "ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም" ነበር። አባዬ ያን ጊዜ አራተኛ ክፍለ ጦር ተራ ወታደር ነው፤ "ከልባችን ነበር የምንለው" ይላል። አምነዋለሁ።

በዚያች አደባባይ የሆነው እንዲህ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማርሴሉ ካይታኑ ከጦር ሰፈሩ ገብተው ተዘጉ። ሳልጌይሩ ማያ በብረት ለበስ ከበባቸው፣ ግድግዳውም በጥይት ተመታ። አደባባዩ በሕዝብ ተሞላ፤ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳይቀር ይጮሃል። ካይታኑ ሥልጣን ጎዳና ላይ እንዳይወድቅ ለጄኔራል ነው የማስረክበው አሉ። ጄኔራል ስፒኖላ መጣ፣ ተረከበ። ከዚያ በኋላ የነበረው ትልቁ ችግር ሰውየውን ከዚያ ሕዝብ መሀል በሕይወት ማውጣት ነበር። ወታደሮቹ በብረት ለበስ ውስጥ አስገብተው፣ ቁጣው እየተንጋጋ፣ ይዘዋቸው ወጡ። መጀመሪያ ወደ ማዴይራ ደሴት፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ወደ ብራዚል ሸኟቸው። ያን ቀን የምስጢር ፖሊሶቹ ከሕንፃቸው ሆነው በሕዝብ ላይ ተኩሰው አራት ሰዎች ገደሉ።

የእኛን ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ትንሽ ቮልስዋገን ውስጥ አስገብተው ወሰዷቸው። እዚህ ድረስ ሁለቱ ታሪኮች አሁንም አይራራቁም። መንገዱ የተለያየው በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው።

ስለ ኅዳር 1967 ስናገር ሦስተኛ ከተማ መጨመር አለብኝ። ግሪክም በዚያው ዓመት ከወታደሮች አገዛዝ ወጥታለች። ሰባት ዓመት የገዙት ኮሎኔሎች የቆጵሮሱን ጣጣ ጎትተው አምጥተው ሲያቅታቸው፣ ከስደት የተጠራው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ካራማንሊስ ሐምሌ 1966 አቴንስ ገባ። ኅዳር 8 ቀን 1967 ግሪኮች ድምፅ ሰጡ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ሌሊት፣ አዲስ አበባ ላይ ስድሳዎቹ ተረሸኑ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኅዳር 29፣ ግሪኮች ንጉሥ ይኑረን አይኑረን ብለው እንደገና ድምፅ ሰጡ፤ ንጉሡ በካርድ ዙፋኑን አጣ፣ በሕይወትም ኖረ። በአንድ ወር ውስጥ!

የኛዎቹን ስማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፤ ራስ አሥራተ ካሳ፤ የንጉሡ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ፤ ጄኔራሎች። ግድያውን ይቃወሙ የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም በዚያው ቀን በቤታቸው በተኩስ ሞቱ። ባለሥልጣናቱ ምን አጥፍተዋል የሚለውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር። ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የደበቀው ማን እንደሆነ ማወቅ የሕዝቡ መብት ነበር፤ እኔም ዛሬ ድረስ ማወቅ እፈልጋለሁ። ኮሚሽኑ ግን ሳይጨርስ ደርጉ ስም እየተጠራ እጅ በማውጣት ወሰነ። በከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ ከሚባለው እስር ቤት ግቢ ገደሏቸው። እሑድ ጠዋት ሬዲዮ አነበበው።

አባዬ ዜናውን የሰማው ጦር ሰፈር ውስጥ፣ ሻይ እየጠጣ ነው። "መጀመሪያ ዝም አልን። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ እኛም አጨበጨብን" ብሎኛል። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንስቶት አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ "ከዚያች ሌሊት በኋላ አለቆቻችን ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ጠፋባቸው።"

በዚህ ርዕስ ላይ ካነበብኩት ሁሉ የአባቴ አነጋገር ይበልጥብኛል። የገደለ ሰው ሥልጣን የሚለቅበትን ቀን ሊቆርጥ አይችልም። ስድሳ ሰው ያለ ፍርድ የረሸነ አካል ምርጫ ቢጠራና ቢሸነፍ በማግሥቱ የሚጠብቀው ራሱ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ስለዚህ አይጠራም። ሥልጣን መያዝ ሕይወትን መያዝ ይሆናል። የደርጉን ሙሉ ስም አስታውሱት፤ ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ። ያ "ጊዜያዊ" 13 ዓመት ቆየ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 1967 ሞቱ ተባለ፤ እንደ ተገደሉ ኋላ በፍርድ ቤት ተነገረ፣ አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ መሬት ተቆፍሮ ወጣ። በዚያው ነሐሴ አቴንስ ላይ የኮሎኔሎቹ መሪ ፓፓዶፑሎስና ሁለት ግብረ አበሮቹ በችሎት ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፤ የካራማንሊስ መንግሥት ወዲያው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠው። ፓፓዶፑሎስ ነፃ ሳይወጣ፣ እስረኛ እንደሆነ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሞተ። ስለዚህ "ተሸናፊው ይኑር" ስል ፍርድ ይቅር እያልኩ አይደለም። ግሪኮች ፈርደዋል። በተከሳሽ ሳጥን ያቆሟቸው ሰዎች ግን ጠበቃ ነበራቸው፣ በሕይወትም ነበሩ፤ ያን ያየ ሌላ ወታደር ቢሸነፍ የሚሄድበትን አወቀ።

ወደ ሊዝበን ልመለስ። ሻምበሎቹ ሥልጣን በያዙ ማግሥት ባወጡት ፕሮግራም በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ እናስመርጣለን ብለው ጻፉ። ቀን ቆረጡ። መንገዱ ቀና አልነበረም፤ ፖርቱጋልን ገነት አድርጎ ማቅረብ አልፈልግም። ስፒኖላ ራሱ በወራት ውስጥ ከሥልጣን ወረደ፤ በመጋቢት 1967 ሥልጣን መልሶ ለመያዝ ሞክሮ ሲከሽፍበት ወደ ስፔን ሸሸ። ባንኮች ተወረሱ፣ መሬት ተያዘ፣ ወታደሩ በግራና በቀኝ ተከፈለ። አክራሪዎቹ ምርጫው ቢቀር ይወዱ ነበር፤ አንዳንዶቹም ሕዝቡን ባዶ ካርድ ክተት አሉት። ነገር ግን ቀኑ ተቆርጧል። ሚያዝያ 17 ቀን 1967፣ ልክ በዓመቱ፣ ከተመዘገበው መራጭ ከ90 በመቶ በላይ ወጥቶ መረጠ። የማሪዮ ሶአሬስ ሶሻሊስቶች 38 በመቶ ገደማ፣ ኮሚኒስቶቹ 12 በመቶ ተኩል ያህል አገኙ።

ይህ ቁጥር ምን እንደሠራ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ያ ጉባኤ መንግሥት የማቆም ሥልጣን አልነበረውም፣ ሕገ መንግሥት ማርቀቅ ብቻ ነው ሥራው። ጠመንጃው አሁንም በወታደሩ እጅ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ግን ሁሉም "ሕዝቡ ከእኔ ጋር ነው" ሊል ይችል ነበር፤ መንገድ ላይ ብዙ ሰው ያሰለፈ ይጮሃል፣ ማንም አይቆጥረውም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስንት ሰው ከማን ጋር እንደሆነ ታወቀ። ፖርቱጋሎች "ሞቃቱ በጋ" የሚሉት የዚያ ዓመት ወቅት መጥቶ አገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት አፋፍ ስትደርስ፣ ለዘብተኞቹ መኮንኖች የሚይዙት ነገር ነበራቸው፤ ሕዝቡ ተናግሯል የሚል። እኛ ጋ በዚያው ዘመን ተማሪውና ሠራተኛው "ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት" ይቋቋም እያለ ሲጠይቅ፣ ማን ምን ያህል ደጋፊ እንዳለው የሚያሳይ አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረም። ኢሕአፓም መኢሶንም ሕዝቡ የእኔ ነው አሉ። አልተቆጠረም። በካርድ ያልተቆጠረው ኋላ በአስከሬን ተቆጠረ፤ የጎረቤቴ ልጅም ከዚያ ውስጥ ነው።

ኅዳር 15 ቀን 1968 ሊዝበን ላይ የግራ ክንፍ ወታደሮች አመፁ፤ ራማልዩ ኢያኔስ የመራቸው ለዘብተኞቹ አሸነፉ። ኅዳር፣ ያውም ከእኛዎቹ ስድሳዎች ልክ ዓመት ቆይቶ! አሸናፊዎቹ ኮሚኒስቶቹን ጠራርገው ማጥፋት ይችሉ ነበር፤ ይጥፉ የሚልም ብዙ ነበር። በማግሥቱ ግን ከአሸናፊዎቹ አንዱ ሻለቃ ሜሉ አንቱኒሽ በቴሌቪዥን ቀርቦ የኮሚኒስት ፓርቲው ለአገሪቱ ዴሞክራሲ ያስፈልጋል አለ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጥይቱ ገና ሳይበርድ፣ የተሸነፈውን ከነቤቱ፣ ከነስሙ፣ ከነድምፁ ተወው። በተከታዩ መጋቢት ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ ኢያኔስ በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆነ። የወታደሮቹ ምክር ቤት ደግሞ እስከ 1975 ድረስ ቀስ እያለ ወጣ።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ሲያሰቃዩ የኖሩት የምስጢር ፖሊስ አባላት አብዛኞቹ የረባ ቅጣት አላገኙም። ሰውነታቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች ገራፊያቸውን ገበያ ላይ እያዩ አርጅተዋል። ከሊዝበን ችኮላ በኋላ አንጎላ በጦርነት ነደደች፤ የዚያ አብዮት ሰላም ለአፍሪካ አልደረሰም። ቺሊ ውስጥ ፒኖቼ በ1981 በሕዝበ ውሳኔ 56 በመቶው "አይሆንም" ብሎት ከፕሬዚዳንትነት ወርዶ፣ ስምንት ዓመት የጦሩ አዛዥ ሆኖ ቀጠለ፤ ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች በየአደባባዩ ፎቶ ይዘው ቆመው እሱ ሰላምታ ይቀበላል። ይህን ለእነዚያ እናቶች "ቻሉት" ብሎ የመንገር መብት ያለው ማን ነው? እኔ የለኝም። መብቱ የነበራት ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት የአባቴን እጅ ይዛ አስገባችው። አባዬ የማንንም ልጅ አልገደለም፤ የለበሰው መለዮ ግን የገዳዮቿ መለዮ ነበር፣ እሷም ታውቃለች።

1983 ላይ ሁለተኛ ዕድል ነበረን። መንግሥቱ ግንቦት 13 ወደ ዚምባብዌ በረሩ። ለአንድ ሳምንት የተተኩት ተስፋዬ ገብረኪዳን፣ ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላን ጨምሮ ጥቂቶቹ ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። ተስፋዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ሞቱ። ሁለቱ እዚያው አረጁ፤ ፍርድ ቤት በአመክሮ ይለቀቁ ያለው በታኅሣሥ 2013 ነው። 29 ዓመት ከስድስት ወር! "የተሸነፈ የት ይግባ?" ለሚለው የኛ አገር መልስ አጥሩ የውጭ አገር የሆነ አንድ ግቢ ነበር። ለቀሩት ፍርድ ቤት ነበር፤ መኖሩን አከብራለሁ፣ ከኅዳር 14 ሌሊት እጅግ ይሻላል፤ ግን ዓመታት ፈጀ። ሠራዊቱ እንዳለ ተበተነ። በሰኔ 1983 በተጠራው የሽግግር ጉባኤ ላይ ኢሕአፓና መኢሶን አልተቀመጡም። ጠረጴዛው ላይ ያልተቀመጠ ሰው የጠረጴዛውን ውል እንደ ራሱ ውል አያየውም። ከዚያም 1997 መጣ። ከዚያም 2010፤ እስር ቤቶች ተከፈቱ፣ ስደተኞች ተመለሱ፣ እኔም እንደገና አለቀስኩ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሥልጣን ያጡትና የያዙት በጦርነት ተገናኙ።

ዓለም በቃኝ ዛሬ የለም። ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ሕንፃውን አልፎ መሬቱን ይፈልጋል።

ከሊዝበን ስመለስ አባዬን ልጠይቀው ሄድኩ። ሰማንያን አልፏል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። በስልኬ ያነሳሁትን የካርሙ አደባባይ ፎቶ አሳየሁት። አስጠግቶ አየውና "ጃካራንዳ ነው" አለ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ ስለ ሻምበሉ፣ ስለ ብረት ለበሱ፣ ስለሚጮኸው ሕዝብ። ሳያቋርጥ ሰማኝ።

"ሰውየውን የት ወሰዱት?" አለ ስጨርስ።

"ብራዚል፣ አባዬ።"

"እዚያ ገደሉት?"

"የለም። እዚያ ሕግ ያስተምር ነበር። በ1973 በራሱ ሞት ሞተ።"

ስልኩን መልሶ ሰጠኝና ጋቢውን ትከሻው ላይ ሳብ አደረገ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ የሰማውን ማረጋገጥ እንደፈለገ ሰው፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

"ያስተምር ነበር አልክ?"